ማግኔት የያዘው

በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልላ መጣች፣
ከጫጫ ወተት ታንከር ተቆርጣ የወጣች፣
መዳፍ የምታክል አንዲት ቁራጭ ብረት፣
በብየዳው ጥግ ጥግ ቋቁቻ የወጣባት።

ይዘዋት የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፣
የማኅበሩ ኮሚቴ፣
የደብረ ብርሃን ብርድ አፍንጫ ያቀላቸው።

ሸዋፈራሁ ከኪሱ ማግኔት አወጣና
ጣ! አደረገባት። "ይኸው፣ ያዘ! ገና
ከጅምሩ ጠርጥሬ ነበር እኔማ።
ስቴንለስ ማግኔት ይዞ ታውቂያለሽ? ስሚማ፣
እርገጤ በያጁ በእኛ ብር ነግዶ
ፎርጅዱን ቆልሎ፣ ዋናውን አስወግዶ…
ጻፊልን በማኅተም፣ ችሎት የሚቆምበት።"
(ሰውየው ተቆጥቷል፤ ሁለት መቶ ሊትር ወተት ተበላሽቶበት።)

እሺ አልሁ። ሲወጡ በሩን ከኋላቸው ገፋሁ፤
ብርጭቆ ወረቀቴን በተራ ዘረጋሁ።
የመቶ ሃያው ጭረት በአራት መቶው ጠፋ፣
የአራት መቶው ጭረት በሺሁ ተገፋ፤
ውኃው እንደ በረዶ፣ ጣቴ ደነዘዘ፤
ፊቴ ብቅ አለባት፣ በብርድ የፈዘዘ።
መስታወት ሆነች፤ ግን መስታወት አይናገርም፤
አሲድ ካልቀመሰ ብረት አይመሰክርም።

አንድ ጠብታ። እስከ ዘጠኝ ቆጠርሁ፣
በአልኮል አለቀለቅሁ፣ በሌንሱ ሥር አኖርሁ።

ከጣርማበር አፋፍ ጉም የገለጠለት ሰው
ቁልቁል እንደሚያየው
ማሳ ነው፣ ማሳ ነው፣ ማሳ ነው።
ደቃቅ የፌራይት ማሳ፣ ወሰኑ የጸዳ፣
አንዱ የሌላውን ድንበር ያልነካ፣ ያልጎዳ፤
ለሁሉም እኩል ክሮም፣ ለሁሉም ድርሻው አለ።
ብረቱ እውነተኛ ነው፤ እርገጤ አላታለለ።
ማግኔት መውደዱማ የዘሩ ጠባይ ነው፤
ፌራይት ሁሉ እንዲያ ነው፣ ኒኬል ያልቀየረው።

ሌንሱን ገፋ ሳደርገው ወደ ብየዳው ዳር
ሌላ አገር ገባሁ።
ትልቁ ማሳ ትንሹን ውጦ ውጦ አብጧል፤
ወሰኑ ላይ ጥቁር ነገር ተቀምጧል።
ካርቦን ነው። ትኩሳት ቀስቅሶት ከእንቅልፉ
ክሮሙን ከግራ ቀኝ ጠርቶ ከየጫፉ
ድንበሩ ላይ ከምሮ፣ እዚያው አጉሮት ቀረ፤
የማሳው ዳር ዳሩ ራቁቱን አደረ።
ክሮም ለብረት ልብስ ነው፣ ከትንፋሽ የሳሳ፣
ቢጫር አየር ነክቶት በራሱ የሚነሣ፤
ልብስ ያጣችው ጠርዝ ግን በምን ትከለል፣
ቀን አጓት ሲልሳት፣ ማታ በረኪና ሲቀጥል?

በሣልስቱ እርገጤ መጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
ክስ መኖሩን ሰምቶ፣ ፊቱ ከሰል መስሎ።
ዓይኑን ሌንሱ ላይ ጣለ፤ ብዙ ቆየ፣ ብዙ፤
ሲጋራ የለመዱ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ያዙ።

"ይህቺ ጥቁር መስመር ሌሊት ናት" አለኝ ቆይቶ።
"ፋሲካ ሦስት ቀን ቀርቶ፣
ወተቱ ሊጎርፍ፣ ታንከሩ ሳያልቅ።
መብራት ሰኞ ሄዶ ሐሙስ መጣ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ተመልሶ ሳይጠፋ ብዬ፣ ሳላሳርፍ፣ ሳላቀዘቅዛት፣
ቀይ በቀይ ላይ ደርቤ በአንድ ትንፋሽ ዞርኋት።
ሸዋፈራሁ ባትሪ ይዞ አጠገቤ ቆሞ
'ቶሎ በል' ይለኝ ነበር። እኔም ቶሎ አልሁ ደግሞ።"

ሪፖርቱን ጻፍሁ።
"ብረቱ፦ ትክክለኛ። ጉድለቱ፦ የበዛ ሙቀት።"
ለመብራት መጥፋትና ለችኮላ ቅጹ ዓምድ የለበት፤
በኅዳጉ በእርሳስ ጻፍሁት፣ ማኅተሙ ግን አልደረሰበት።

ሸዋፈራሁ ማግኔቱን ረስቶ ሄዷል፤
የመስኮቴ ብረት ላይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣብቋል።
እርገጤ ሊወጣ ሲል ከበሩ መለስ ብሎ
"ፎቶዋን አትሚልኝ" አለኝ፣ "ብየዳ ቤቴ ልስቀለው፤
ቶሎ በል የሚል ደንበኛ ሲመጣብኝ
ያቺን ሌሊት ላሳየው።"